ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ የምትሰማ አንዲት ቁጥር አለች፤ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የምትባለው። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ያነሣታል፤ አማት በጣታቸው ይቆጥሯታል፤ ባልም ቢሆን የደመወዙን ቀን ከእርስዋ ጋር ያስተያያል። ይሁን እንጂ አምስቷ ቀን ከየት መጣች፣ ስለምንስ አራት ወይም ሰባት አልሆነችም ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄውን ያነሣችልን የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት እኅት ናት። በጥቅምት 10 ቀን በጻፈችው ደብዳቤ እንዲህ ትላለች፦ «የመጨረሻውን የወር አበባዬን ያየሁት ጥር 8 ቀን ነው። አማቴ ቀንሽ ጥቅምት 8 ነበር፣ አልፎብሻል እያሉ እንቅልፍ ነሥተውኛል፤ ምጥ ያመጣል ያሉትንም ቅጠል አፍልተው አስቀምጠውልኛል። አዋላጅ ነርሷ ግን ጥቅምት 13 ነው አለችኝ። የባለቤቴ እኅት በበኩሏ ሐኪም ቤት የሚቆጠረው ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 18 ነው ትላለች። ማንን ልመን?»

ነገሩ ቀን የሚሰጥ ስላልሆነ ለእኅታችን መልሱን አስቀድመን በስልክ ነግረናታል። ቅጠሉንም እንዳትጠጣ አጥብቀን መክረናታል። ሆኖም ይህ ክርክር በእርስዋ ቤት ብቻ የሚነሣ ስላልሆነ በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን። ሦስቱም ሴቶች ከልባቸው ነው የቆጠሩት። የተለያዩት በአንዲት ትንሽ ወር ምክንያት ነው፤ በጳጉሜን።

እንደሚታወቀው የእኛ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮች አሉት። ይህ 360 ቀን ይሆናል። ፀሐይ ግን በ360 ቀን ዙሯን ስለማትጨርስ የተረፉት 5 ቀኖች፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 6 ቀኖች፣ በመጨረሻ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ጳጉሜን የሚለው ስም የመጣው ከግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ «ተጨማሪ» ማለት ነው። ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት የወር አቆጣጠር ያላቸው የግብፅ ቅብጦችም «ትንሿ ወር» ይሏታል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ግን ትንሽነቷን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው፤ የራስዋ ደመወዝ የላትም፤ ምሳና እራት ግን እንደማንኛውም ወር ትጠይቃለች፤ በማግስቷም ዘመን መለወጫ ከነዶሮው ይጠብቃል። የቤት እመቤቶች በነሐሴ መጨረሻ ከሽንኩርቱም ከዘይቱም ቀነስ ቀነስ ሲያደርጉ የሚታዩት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ አምስቷ ቀን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው። ከመጋቢት 29 ጀምራችሁ በጣታችሁ ብትቆጥሩ ሚያዝያ 29 አንድ ወር፣ ግንቦት 29 ሁለት ወር እያለ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ልክ ዘጠኝ ወር ይመጣል። በመካከሉ ግን ጳጉሜን አለች። ዘጠኙ ወር 270 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በጠቅላላው 275 ቀን። እንግዲህ እናቶቻችን በቃል ያቆዩን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ይህ ነው፤ አምስቷም ቀን ጳጉሜን ራስዋ ናት።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደተጠበቀ ለማየት ገናን ተመልከቱ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ጊዜ መንገዱ በአንድ ቀን ይረዝምና 276 ይሆናል። ያን ጊዜ 275ቱ እንዳይፋለስ ልደት አንድ ቀን ወደ ኋላ ተስቦ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች የ2016 ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። የ2019 ጳጉሜንም ስድስት ቀን ስላላት የ2020 ገና እንደዚሁ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። ብዙ ሰው በእነዚህ ዓመታት «ዘንድሮ ገና ለምን በ28 ሆነ?» እያለ ሲከራከር ይሰማል። መልሱ የአንዲት እናት የእርግዝና ቀን አቆጣጠር መሆኑን ሳውቅ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

ጤና ጣቢያ የሚቆጠረው ግን ከሌላ መነሻ ነው። ፅንሱ በየትኛው ቀን እንደተፀነሰ ማንም በእርግጥ ስለማያውቅ ባለሙያዎች የሚነሡት ከሚታወቀው ቀን፣ ይኸውም ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከዚያ 280 ቀን ይቆጥራሉ። ባለ 30 ቀኑ የእኛ ወር ለዚህ ስሌት እጅግ የተመቸ ነው፤ ዘጠኝ ወር 270፣ ዐሥር ቀን ሲጨመር 280። ለምሳሌ ጥቅምት 5 ቀን ያየች ሴት ቀኗ ሐምሌ 15 ነው። ጣጣው የሚመጣው በመካከል ጳጉሜን ስትገባ ነው። ያን ጊዜ ጳጉሜን አምስቱን ቀን አስቀድማ ስለሞላችው ከዘጠኙ ወር ላይ የሚጨመረው አምስት ቀን ብቻ ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችም አራት። ሰኔ 10 ቀን ያየች ሴት ቀኗ መጋቢት 15፣ ጳጉሜን ስድስት ባለችበት ዓመት ደግሞ መጋቢት 14 ይሆናል ማለት ነው።

ድንበሩን ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 20 ድረስ የወር አበባዋን ያየች ሴት የመውለጃ ቀኗ ከጳጉሜን በፊት ስለሚውል ዐሥር ትጨምራለች። ከኅዳር 26 እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያየች ግን ጳጉሜንን ስለምትሻገር አምስት ወይም አራት ትጨምራለች። በመካከል ያሉት፣ ከኅዳር 21 እስከ 25 ያዩት፣ ቀናቸው በራስዋ በጳጉሜን ውስጥ ይውላል።

በዚህ መሠረት የእኅታችንን ቀን እናስላ። ከጥር 8 ዘጠኝ ወር ጥቅምት 8 ነው። ጳጉሜን በመካከል አለች፤ ስለዚህ አምስት ቀን ሲጨመር ጥቅምት 13። ልክ የሆነችው አዋላጅ ነርሷ ናት። አማቲቱ የቆዩበትን 275 ቀን በትክክል ቆጥረዋል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከፅንሰት የሚነሣ ሆኖ ሳለ እርሳቸው ከወር አበባ ቀን አነሡት። የባልየው እኅት ደግሞ የሐኪም ቤቱን ዐሥር ቀን ሰምታለች፤ ግን ጳጉሜንን ሁለት ጊዜ ቆጠረቻት። በስልካቸው ላይ ባለው ማስያ የሚጠቀሙ ወጣት እናቶችም ልብ ይበሉ። ማስያው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ስለሆነ ቀኑን አስቀድመው በትክክል ካልለወጡለት ትክክለኛ መልስ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ስንል ሕፃን ቀን ቆጥሮ የሚወጣ አይምሰላችሁ። በተባለው ቀን የሚወለዱት ጥቂቶች ናቸው። ከ37 ሳምንት እስከ 42 ሳምንት ባለው ጊዜ መውለድ የተለመደ ነው። ሁለት ሦስት ቀን አለፈ ተብሎ ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ግን አደገኛ ነው፤ መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት ማኅፀንን ከልክ በላይ ሊያኮማትር፣ ሕፃኑንም ሊያፍን ይችላል። 41 ሳምንት የሞላት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ደም ያየች፣ የእንሽርት ውኃ የፈሰሰባት፣ ብርቱ ራስ ምታት የያዛት፣ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ደግሞ ሳምንቱ ስንትም ቢሆን ቀን ሳትቆጥር ትሂድ። የመጀመሪያው ክትትል ሦስተኛው ወር ሳያልፍ መጀመር አለበት የሚባለውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቀኑ ገና ሳይረሳ ይመዘገባል።

ስለ መርሳት ካነሣን ዘንድ፣ እናቶቻችን ቀን ይረሳሉ የሚባለውን ነገር እኔ አልቀበለውም። ቀን የሚይዙበት መንገድ ከመዝገብ ቤቱ መንገድ ይለያል እንጂ። «በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ ጤፍ ሲታጨድ ነው የወለድኳት» ያሉ እናት ለሚሰማቸው ሰው ሁሉንም ነገር ተናግረዋል። ሚካኤል በየወሩ በ12 ስለሚውል ማግስቱ ኅዳር 13 ነው፤ የጤፉ አጨዳም ወሩን ያጸናዋል። ዓመቱ ቢጠፋ እንኳ ሰኞ የምትለዋ ቃል ታወጣዋለች። ኅዳር 13 በ2007 ዓ.ም. የዋለው ቅዳሜ፣ በ2008 ሰኞ፣ በ2009 ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ልጅቱ የተወለደችው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? እኔ እንዳየሁት ግን በጠረጴዛው ወዲያ ያለው ጸሐፊ «እማማ፣ ቀኑን በቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ያቋርጣል፤ እርሳቸውም «እንግዲህ አላውቅም» ይላሉ፤ ጸሐፊው የመሰለውን ይጽፋል።

ልጆቻችን ይህን የእናቶች ቋንቋ እየረሱት ነው። በወር ውስጥ ልደታ 1፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 መሆኑን የሚያውቅ የከተማ ወጣት ብዙም አይገኝም። የሰባቱ ዕለታት ስም እንኳ ቁጥር መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? እሑድ አንደኛ ማለት ነው። ሰኞ ከግዕዙ ሰኑይ የመጣ ሲሆን ሁለተኛ ማለት ነው። ሦስተኛዋን ቀን ግዕዝ ሠሉስ ሲላት አማርኛ ግን ቁጥሩን ትቶ የሰኞ ማግስት ናት በማለት ማክሰኞ ብሏታል። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው። ዓርብ ከመግባት፣ ከመምሸት ጋር የተያያዘ ነው፤ የሰንበት ዋዜማ ናትና። ቅዳሜ ደግሞ ቀዳሚት ከሚለው የመጣ ነው፤ ከእሑድ የቀደመች ሰንበት ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ፣ ቁጥር ስታስተምሩ በዚህ ጀምሩ፤ ይወዱታል።

በእስልምና እምነት ተከታዮች ቤት ደግሞ ሌላ ቆጠራ አለ። «በረመዳን አጋማሽ ተወለደ»፣ «በአረፋ ሰሞን ነው» ይላሉ። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ በመሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ስለሆነም ረመዳን በየዓመቱ ወደፊት እየቀደመ ክረምትንም በጋንም ያዳርሳል። የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ የነበረበት ወቅት ላይ እንደገና ይመለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቀን የነገራችሁን ሰው «ያን ጊዜ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዓመቱ ከዚያ ይወጣል።

ወቅት ስንል ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ማንሣት ያስፈልጋል። መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ «ጸደይ ገባ» የሚሉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ይህ የመጣው የፈረንጆቹን የአበባ ወቅት ከመተርጎም ይመስለኛል። በጥንቱ አከፋፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው። ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። አደይ አበባ የምትፈካው እንግዲህ በክረምቱ መውጫና በመፀው መግቢያ ነው። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው አነስተኛ ዝናብ ነው። በበልግ የሚያመርት አገር ያለች እናት «አዝመራ ሲሰበሰብ» ብትላችሁ ኅዳርን ላይሆን ይችላል፤ አገርዋ የት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የወሮቹን ስም በተመለከተ አባቶች ብዙ ትርጓሜ ሰጥተዋል፤ ሐምሌን ከሐምል፣ ከቅጠላ ቅጠሉ ልምላሜ ጋር ያያይዙታል፤ ኅዳርን ከማደር ጋር፣ ገበሬው እህሉን ሲጠብቅ በማሳው ላይ ከሚያድርበት ጋር። ቋንቋ አጥኚዎች ግን ኅዳርን ከግብፃውያኑ ሦስተኛ ወር ከሀቱር ጋር ያመሳስሉታል። የእነርሱ ወር የተሰየመው በጥንታዊ ግብፅ የፍቅር፣ የሙዚቃና የእናትነት አምላክ ተብላ ትመለክ በነበረችው በሀቶር ስም ነው። ሁለቱም ወሮች በአንድ ቀን ይጀምራሉ። ለነገሩ የፈረንጆቹም ከዚህ አይሻልም፤ ሴፕቴምበር ሰባተኛ ማለት ሆኖ ሳለ ዘጠነኛ ወር ነው፤ ጁላይ የዩልዮስ ቄሣር፣ ኦገስት የአውግስጦስ ቄሣር ስም ነው።

ኅዳርን ግን አያቶቻችን የሚያስታውሱት በሌላ ነገር ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያጥለቀለቀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታት። አስታማሚ የጠፋበት፣ ቀባሪ የታጣበት ጊዜ ነበር፤ በሽታውም የወሩን ስም ወርሶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ የዚያ መታሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ የሴቶች መጥረጊያ የማያርፍበት ቀን ይህ ነው። መጥረጉን እደግፋለሁ። ጭሱን ግን አልደግፍም፤ ዛሬ ከጥራጊው መካከል ፕላስቲክና የባትሪ ድንጋይ ስለሚገኝ በየሰፈሩ የሚነሣው ጭስ አስም ላለበትና ለአራስ ሕፃን መርዝ ነው። ደረቁን ቆሻሻ በከረጢት አስሮ ለጽዳት ሠራተኞች መስጠት የቀኑን ዓላማ አይቀንሰውም።

ከወሮች ሁሉ ለልጃገረዶች የተሰጠው ነሐሴ ነው። ወንዶቹ ልጆች በነሐሴ 13 ለቡሄ ጅራፋቸውን ያጮሃሉ። የፍልሰታ ጾም በ16 ሲፈታ ተራው የሴቶች ይሆናል። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ በኩል ሶለል ይባላል። ስሙ ልጃገረዶቹ በወገባቸው አስረው ከሚጨፍሩበት ረጅምና ለምለም ሣር የመጣ ነው። ልጃገረድ ከበሮ ይዛ ደጅ ለደጅ እንድትዞር፣ እንድትጨፍር፣ የወደደችውንም እንድታወድስ የሚፈቅድላት የዓመቱ ሰሞን ይህ ነው። ከዚያ አካባቢ የመጡ እናቶች «በአሸንዳ ማግስት» ብለው የልጃቸውን ቀን ሲነግሩ እሰማለሁ፤ ይህም ከቁጥር አያንስም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ ቀናቸው ያለው በእናታቸው አፍ ነው። ያ አፍ ሳይዘጋ፣ እናት በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብሎ መጠየቅና መጻፍ ያስፈልጋል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ውጭ አገር ካለ ወላጅ ወይም ወንድም ጋር ሊቀላቀል ሲያመለክት፣ ጡረታ ሲጠይቅ ቀኑ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው የተለያየ ከሆነ ሰውየው ሁለት ሰው ይሆናል። በስደት ወጥተው ቀናቸውን የሚያስረዳላቸው ያጡ ብዙ ወገኖቻችን በመዝገብ ላይ ሁሉም ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሆነው ይኖራሉ። እናታቸው ግን በየትኛው ታቦት ቀን እንደወለደቻቸው ታውቃለች።

ወደ ፈረንጆች ሲለወጥ የሚደረገው ስሕተት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓመቱን ሁልጊዜ በስምንት ማሳደግ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከታኅሣሥ 23 በኋላ ስምንት ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ሁለተኛውና የከፋው የወሩን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ነው። ጥር 12 ቀን 2011 የተወለደ ልጅ በእኛ 12/5/2011 ተብሎ ይጻፋል። ትክክለኛው የፈረንጆች ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ነው። ዓመቱን ብቻ ለውጦ 12/5/2019 ብሎ የጻፈ ሰው ልጁን ወደ ሜይ 12 ወሰደው፤ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ያ ወረቀት አሜሪካ ሲደርስ እዚያ ወሩ ስለሚቀድም ዲሴምበር 5 ተብሎ ይነበባል። አንድ ልጅ ሦስት ልደት ኖረው ማለት ነው። ስለዚህ በማናቸውም ወረቀት ላይ የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ፤ ጥር ከሆነ ጥር፣ ጃንዋሪ ከሆነ ጃንዋሪ።

በእያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ይኑር። በእርሱ ላይ የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዕለቱ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ እንዲሁም እናቱ በራስዋ አነጋገር ያለችው ይጻፍ። ሰዓቱንም ስትጽፉ ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ ብላችሁ ለዩት። የእኛ ሁለት ሰዓት የፈረንጆቹ ስምንት ነውና። ደብተሩ ከመሬት ካርታውና ከጋብቻው ወረቀት ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

በመጨረሻ፣ በጳጉሜን ስለተወለዱ ልጆች የጠየቃችሁን አላችሁ። የፈረንጆች ቅጽ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ 13 የሚለውን ቁጥር አይቀበልም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ወላጆች ቀኑን ወደ ነሐሴ 30 ወይም ወደ መስከረም 1 ሲገፉት ይታያል። ይህን አታድርጉ። መስከረም 1 ያላችሁት ልጅ በአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በአንድ ዓመት ያንሳል፤ በትምህርት ቤት ምዝገባም ቀን ያ አንድ ዓመት ይቆጠርበታል። ቀኑ በፈረንጆቹ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ለምሳሌ ጳጉሜን 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 8 ቀን 2021 ነው የተወለደችው። በኢትዮጵያው ሰነድ ላይ ጳጉሜን ተብሎ በፊደል ይጻፍላት፤ በውጭው ቅጽ ላይ ደግሞ ሴፕቴምበር 8። በጳጉሜን 6 የተወለዱት ልደታቸውን የሚያከብሩት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው ይባላል። በየዓመቱ በጳጉሜን 5 ድፎ ዳቦ የሚደፉላቸው እናቶች ግን አውቃለሁ።